ወደ ግድግዳ የዞረው ቡጢኛ

ወንዙ ሞልቷል፤ ዛሬ አትሻገሩም። ነገም መሻገራችሁን እንጃ። ጭነታችሁን አውርዱና እዚህ ከጥላው ሥር አረፍ በሉ። ወንዙ በሞላ ቁጥር መንገደኛ እዚህ ይጠራቀማል፤ መንገደኛ በተጠራቀመ ቁጥር ደግሞ እኔ ይችን ነገር አወራለሁ። የሰለቸው ጀርባውን ሊሰጠኝ ይችላል። አልቀየምም፤ ከጀርባ ጋር ስነጋገር ነው የኖርኩት።

ከኋላዬ ያለውን አገር ስሙን አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ «ለካ የነዚያ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እፎይ ትላላችሁ። እፎይ እንድትሉ አልፈልግም።

ባዬ እባላለሁ። ሥራዬ ሐውልት ማዞር ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ አባቴም አያቴም በዚሁ ሥራ ነው ያረጁት። በእኛ አገር ሐውልት መሬት ውስጥ አይተከልም። በሁለት የወፍጮ ድንጋዮች ላይ ይቆማል፤ በድንጋዮቹ መካከል ሞራ ይቀባል፤ በጎኑ ቀዳዳ አለው፣ እዚያ ውስጥ የወይራ እንጨት ከትቶ መግፋት ነው። ሐውልቱ ፊቱን ወደ ገበያው ካዞረ ሰውየው ይወደዳል። ወደ እስር ቤቱ ግድግዳ ካዞረ ይጠላል። ሕዝቡ ጠዋት ወደ ገበያ ሲወርድ መጀመሪያ ሐውልቱን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ይህን የሚወስን «የፊት ሹም» የሚባል ባለሥልጣን አለ። እሱ በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ እገፋለሁ።

ሐውልቱ ወደ ግድግዳ ለዞረበት ሰው ፊት ማሳየት ክልክል ነው። ሰላም የሚለው ሁሉ ጀርባውን አዙሮ ነው የሚለው። በርበሬ የምትሸጥለት ሴት እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ነው የምትሰጠው። ሌላም ደንብ አለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሐውልት አንዴ ከዞረ በኋላ «ዞረ» አይባልም። ድሮም እንደዚያው ነበር ነው የሚባለው። በዚህም የተነሳ በመዝገብ ላይ እኔ ሐውልት ጠራጊ ነኝ። የማይዞር ነገር አዟሪ አያስፈልገውማ።

እንግዲህ ወደ አንዳርጌ ልምጣ። አንዳርጌ በመንግሥት ጎተራ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ትከሻው ሰፊ ነው፣ አፉ ግን ከትከሻው ይሰፋል። በእኛ አገር ቡጢ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉን ያሸነፈው ሰው «የአገር ቡጢ» ይባላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጆቹ የመንግሥት ይሆናሉ። ለቀኝ እጁ አንድ ጠባቂ፣ ለግራ እጁም አንድ ጠባቂ ይሾምለታል። ሁለቱ ጠባቂዎች ማን እንደሚበልጥ ስላልተስማሙ አይነጋገሩም። ሰውየው እንጨት መፍለጥ አይችልም፣ ከበሮ መምታት አይችልም፣ ዝንብ እሽ ለማለት እንኳ ያስፈቅዳል።

አንዳርጌ ለዚህ ማዕረግ ሲጋጠም፣ በጊዜው የነበረው የአገር ቡጢ ሁሉም የሚወደው ዝምተኛ ሰው ነበር። አንዳርጌ ገበያው መሐል ጉቶ ላይ ወጥቶ፣ «ሦስት ጊዜ እመታዋለሁ፤ አራተኛውን ለእንቅልፉ እተውለታለሁ!» አለ። እንዳለውም አደረገ። ይባስ ብሎ ከወደቀው ሰው አጠገብ ተንበርክኮ እሹሩሩ አለለት። ሰው ተናደደ። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያችን እሹሩሩ አልወድለትም። ባለጌ ነው፣ አፈኛ ነው፣ ያሳደገው የለም ተባለ።

በሁለተኛው ዓመት ከጎረቤት አገር ወድቆ የማያውቅ ቡጢኛ መጣ። አንዳርጌ ጣለው። በዚያው ቀን ብልግናው ጨዋታ አዋቂነት ሆነ፤ ያችው እሹሩሩ በየሠርጉ ትዘፈን ጀመር። ሐውልትም ቆመለት፣ ቀኝ እጁን ጨብጦ ወደ ገበያው እያየ። ሞራውን የቀባሁት እኔ ነኝ።

ክረምቱ ሲወጣ «የታሳሪ ቀን» የሚባል በዓል አለን። በዓመቱ ውስጥ የማይነገር ነገር የተናገረ አንድ ሰው ይመረጥና እጆቹ ወደ ኋላ ታስረው ከሐውልቱ ሥር ያቆሙታል። የአገር ቡጢው አንድ ጊዜ ይመታዋል። ከወደቀ ጥፋተኛ ስለነበረ ነው። ካልወደቀ ደግሞ ግትር ስለሆነ ነው፤ ግትርነት ራሱ ጥፋት ነው። ወደቀም ቆመም በዚያው ቀን ይህን ወንዝ እንዲሻገር ይደረጋል። ይሙላ ይጉደል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዚያን ዓመት የታሰረው የወንዝ ለኪ ነበር። ዝናብ ጠፍቶ ሳለ ቤተ መንግሥቱ ወንዙ ሞልቷል ብሎ አሳወጀ፤ ይህ ሰው ደግሞ ዘንጉን ነክሮ አወጣና ጉልበት አይደርስም አለ። ጥፋቱ ይኸው ነው። አንዳርጌ እጁ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞለት በሁለቱ ጠባቂዎች መካከል መጣ። ሕዝቡ እሹሩሩውን ያቀልጠዋል። አንዳርጌ ለኪውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ፍቱት» አለ።

የፊት ሹሙ ልመንህ፣ ያኔ ገና አዲስ ተሿሚ፣ የሰማው ነገር አልገባውም። «ምን አልክ?»

«እጁን ፍቱለት። ከዚያ እመታዋለሁ። ከቻለም እሱ ይምታኝ።»

«ሰውየው እኮ ታሳሪ ነው! ከተፈታ ምኑን ታሳሪ ሆነ?»

«እኔስ ቡጢኛ አይደለሁ? የታሰረ ሰው ከመታሁ ምኑን ቡጢኛ ሆንኩ?»

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አንዳርጌ ግን የእጁን ጨርቅ በጥርሱ ፈታና ንጉሡ እግር ሥር አስቀመጠው። ሁለቱ ጠባቂዎች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ንጉሡ ደንቡ ምን ይላል አሉ። እስከ ቀትር መጽሐፍ ተገለጠ። አልመታም ለሚል ቡጢኛ የተጻፈ ነገር አልተገኘም። ላልተመታ ታሳሪም የተጻፈ ነገር አልተገኘም፤ ስለዚህ ለኪው ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ልመንህ መጥቶ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ። ገፋሁ። ምንም አልከበደኝም፤ ሞራው አዲስ ነበር። በዚያው ዕለት አንዳርጌ ፈሪ ነው፣ ድሮም ፈሪ ነበር፣ የጎረቤቱ አገር ሰውም ተደናቅፎ ነው የወደቀው ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንዳርጌ በገበያው ሲያልፍ ከወንዝ ለኪው ጋር ተገጣጠሙ። ለኪው ቆመ፤ ከዚያ ጀርባውን አዞረ። አልፈርድበትም። እኔም ከጎኑ ቆሜ ጀርባዬን አዙሬ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲያ አለፈ። ሚስቱ ስትሞት ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ «እግዜር ያጽናህ» የሚለውን ለግድግዳው ነበር የሚናገረው። አንዲት ልጅ ቀረችው፣ አሰገደች። ሐውልቱ ሲዞር ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ያች ልጅ ከእናትና ከአባቷ በቀር የሰው ፊት ሳታይ አደገች። ሰውን የምታውቀው በማጅራቱ፣ በተረከዙ፣ በትከሻው አወራረድ ነበር።

ቤታቸው ከእስር ቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ሌሎቹን ሐውልቶች ሞራ ልቀባ በሄድኩ ቁጥር በራቸው ላይ ካለችው ድንጋይ ጀርባዬን ሰጥቼ አርፍ ነበር።

«ጋሼ ባዬ፣ ዛሬ ተላጭተዋል» ትለኛለች።

«ተላጨሁ።»

«ማነው የላጨዎት? በስተግራ በኩል አንድ ጥግ ረስቷል። የተበላ ማሳ አስመስሎዎታል።»

እንደ እሷ ያሳቀኝ ሰው የለም። እንደ ልጄ ነበር የምወዳት። ፊቴን ግን አንድም ቀን አላሳየኋትም።

አንድ ቀን እንደዚያው ተቀምጬ አባቷን ስትጠይቀው ሰማሁ። «አባዬ፣ ያን ሰውዬ ብትመታው ኖሮ ምን ነበረበት? አንድ ቡጢ እኮ ነው።»

አንዳርጌ ያኔ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ያ ሁሉ አፍ ደርቆ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ነበር የሚያወጣው። በዕድሜው የተቀበለው ቡጢ ያመጣው ነው ይሉ ነበር ሐኪሞች፣ ለግድግዳው።

«አሰገድ» አላት፣ «ሰው ሁሉ ጀርባውን የሰጠሽ በኔ የተነሳ ነው። አውቀዋለሁ። ለዚያ የምክስሽ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። አባቴ የታሰረ ሰው አልመታም ማለት ትችያለሽ። ሌላ የለኝም።»

«ይበቃኛል» አለች። ቆየት ብላም፣ «ግን አባዬ፣ ሰው ሲዋሸኝ በምን አውቃለሁ?»

«ጀርባ ይዋሻል። ዓይንሽን እያየ የሚነግርሽ ሰው ካገኘሽ ግን እመኚው።»

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንደበቱ ጨርሶ ተዘጋ። ንጉሡም በዚያው ዓመት ሞቱና ልጃቸው ነገሠ።

አዲሱ ንጉሥ የታሳሪ ቀን ለምን ቀረ ብሎ ጠየቀ። ነገሩ እንዲህ ነበር። የአገር ቡጢነት የሚወሰደው ያለውን የአገር ቡጢ ገጥሞ በመጣል ብቻ ነው። አንዳርጌን ደግሞ ፊት ለፊት ማየት ክልክል ነው። ጀርባን አዙሮ ቡጢ መግጠም አልተቻለም፤ ሁለት ሰዎች ሞክረው ነበር፣ አንደኛው ዛፍ መትቶ እጁን ሰበረ። ስለዚህ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ማዕረጉ እዚያች ጎጆ ውስጥ ከሚንቀጠቀጠው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ነበር። አዲሱ ንጉሥ ግን የሚመታ ታሳሪ አግኝቷል። አንድ ጨው ነጋዴ፣ «ልጁ ቁርጥ አባቱን» ብሎ ተናግሯል። በዚያ ሰሞን አዲሱ ንጉሥ ማንንም አይመስልም የሚል አዋጅ ወጥቶ ነበር።

ልመንህ ፀጉሩ ሸብቶ መጣና ገበያውን አሳየኝ። ገፋሁ። ድንጋዮቹ ሣር አብቅለው ነበር፤ ሐውልቱ ሲዞር እንደ ሰው አቃሰተ። ሕዝቡ ወደ ገበያ ወረደ፣ አየ፣ ወደደ። ቀትር ሳይሆን የአንዳርጌ ደጃፍ በሰው ተጨናነቀ። «እኔ ያኔም ጀርባዬን ያዞርኩት እንባዬን እንዳያይብኝ ነው» የማይል አልነበረም። አሰገደች ያን ሁሉ ፊት ስታይ ደንግጣ ከበሩ ኋላ ተሸሸገች። «የሰው ፊት ይህን ያህል ይንቀሳቀሳል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔ መሆኔን በድምፄ አውቃ።

የበዓሉ ዕለት አንዳርጌን በወንበር ተሸክመው አመጡት። «ለሰላምታ ብቻ ነው፣ እጁን ለሕዝብ ያነሳል» አላት ልመንህ። እሷም ነጭ አለበሰችው፣ ፂሙን አስተካከለችለት። ዘመድ ከገመዱ ወዲያ ነው የሚቆመው፤ ዘመድ ስለሚያለቅስ ደንቡ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከሰው ሁሉ ኋላ ቀረች።

የቀኝ እጁ ጠባቂ ከሞተ ቆይቷል። ልመንህ ዞር ዞር ብሎ ፈለገና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ባዬ፣ አንተ መግፋት ታውቃለህ። ክንዱን ያዝ።»

ያዝኩ። ልመንህ የአንዳርጌን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈ ቡጢ አደረጋቸው። ከዚያ ጨው ነጋዴውን፣ እጁን የኋሊት ታስሮ፣ ከፊቱ አቆሙት። አንዳርጌ የመጣበት ነገር ያን ጊዜ ገባው። አፉን ከፈተ፤ የወጣው እህህታ ብቻ ነው። ክንዱን ወደ ራሱ ሲስብ ተሰማኝ። ያ በአንድ ምት ሰው የሚጥል ክንድ ከእኔ ከሽማግሌው እጅ ማምለጥ አቃተው። ልመንህ በዓይኑ አዘዘኝ።

ገፋሁት። ምን ልበላችሁ፣ ገፋሁት።

ከኋላ ያለው ሕዝብ የተዘረጋ ክንድ አየ፣ ጨው ነጋዴው አንገቱን ሲሰብር አየ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ጉንጩ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው እጁ ተከፈተ። ሰውነቱ ሁሉ አልታዘዝ ባለው ሰው ላይ እነዚያ አምስት ጣቶች እንዴት እንደታዘዙት አላውቅም። ጨው ነጋዴውን አልመታውም። ጉንጩን ዳበሰው፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እስከ አገጩ ድረስ። ጨው ነጋዴውም ፊቱን መዳፉ ውስጥ አሳርፎ አለቀሰ።

«ተመታ!» ብሎ ጮኸ ልመንህ። ሕዝቡ እሹሩሩውን አቀለጠው። ጨው ነጋዴውን በዚያው ወደዚህ ወንዝ ነዱት። እንደ ዛሬው ሞልቶ ነበር። ማዶ ሲደርስ አየሁት የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አሰገደች ገመዱን ሾልካ መጣች። ፊቴን ስለማታውቀው መጀመሪያ በኋላዬ ዞራ ማጅራቴን አየች። ከዚያ ወደ ፊት መጣችና ቆመች።

«እርስዎ ነዎት» አለች። «ከሩቅ አልታየኝም። ክንዱን የያዙት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። እጁ ተጨብጦ ነበር ወይስ ተከፍቶ?»

ልመንህ ከጎኔ ነበር። ጸሐፊውም ብዕሩን ይዞ። በዓሉን ያፈረሰ ሰው ለሚመጣው ዓመት እሱ ራሱ ታሳሪ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ታሳሪው አልተመታም ማለት ደግሞ በዓሉን ማፍረስ ነው። የወንዙ ድምፅ ከዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። ልጅቱ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«ተጨብጦ ነበር» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። አላለቀሰችም። አባቷን ከተሸካሚዎቹ ጋር ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

አንዳርጌ ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ኖረ። ልጅቱ አልተወችውም። አጠበችው፣ አለበሰችው፣ አበላችው። ነገር ግን በበራቸው ሳልፍ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጀርባዋን ሰጥታው ነበር የምታጎርሰው፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ። እሱ ደግሞ መዳፉን ከፍቶ ወደ እሷ ይዘረጋል። ይከፍታል፣ ይዘረጋል። ምን ሊላት እንደፈለገ የማውቀው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ ዞራ አላየችም። በራቸው ላይ የክብር ዘብ ቆሞ ነበር፤ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አርባ ቀን አለፍኩ።

ሲሞት ሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። እንዲያ ያለ ቀብር ታይቶ አይታወቅም፤ ንጉሡ ራሱ አለቀሰ። አሰገደች ግን አልነበረችም። በዚያን ዕለት ማለዳ፣ ገና አስከሬኑ ሳይወጣ፣ ይህን ወንዝ ተሻግራ ሄዳለች። ማንም አላስገደዳትም። ያን ጊዜ ውሃው ጎድሎ ነበር፣ ጉልበቷ ድረስ ብቻ፤ ዱካዋን በጭቃው ላይ እኔ አይቻለሁ።

የወይራውን እንጨት ለልመንህ አስረክቤ እዚህ መጣሁ። ዛሬ ሐውልቱ ወደየት እንደዞረ አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለም አይንገረኝ።

ውሃው ሲጎድል ትሻገራላችሁ። እኔን ጉልበቴ አያሻግረኝም፤ ሞክሬ መሐል ላይ መልሰውኛል። ማዶ ስትደርሱ፣ ሰው ስትተዋወቅ አስቀድማ በኋላው ዞራ ማጅራቱን የምታይ ሴት ካጋጠመቻችሁ እሷ ናት። ቁሙና ንገሯት። ባዬ ዓይንሽን እያየ ዋሽቶሻል በሏት። የአባትሽ እጅ ተከፍቶ ነበር በሏት፣ አምስቱም ጣቶች።